የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማው ለምን ከውሉ በኋላ ይመጣል? የወሎ ከተሞች ባለሙያዎችና ነዋሪዎች ተወያዩበት

ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። የከተማ መሠረተ ልማት ዕቅድና ዲዛይን እንጀራዬ ነው። እዚህ መድረክ ላይ ስለ ኮንክሪት ጥራት፣ ስለ ጨረታ ዋጋ፣ ስለ ሲሚንቶ እጥረት ብዙ ተነጋግረናል። ዛሬ የማነሣው ከሁሉም አብልጦ የሚቆጨኝን ነው፤ በከተሞቻችን የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ፣ ማለትም አንድ ፕሮጀክት በመሬት፣ በውሃና በሰው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት የሚጠናበት ሥራ፣ የሚሠራበትን ጊዜ።

አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል። አንቀጽ 3 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ከሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት ይሁንታ ሳያገኝ እንዳይጀመር ይከለክላል። ያለ ይሁንታ የጀመረ ወይም በጥናት ሰነዱ ሐሰት ያቀረበ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር እንደሚቀጣም ያው አዋጅ ደንግጓል። በተግባር የማየው ግን ሌላ ነው። ቦታው በካቢኔ ይመረጣል፣ ዲዛይኑ ይሠራል፣ በጀቱ ሰኔ ላይ ይጸድቃል፣ ጨረታ ይወጣል፣ ውል ይፈረማል። ከዚያ ፋይሉ ሲገላበጥ «የአካባቢ ሰነዱ የታለ?» ይባላል። ባለሙያው ተቻኩሎ ቅጽ ይሞላል፤ «ጉልህ አሉታዊ ተፅዕኖ የለውም» ይልና ማኅተም ይመታል። ካገላበጥኋቸው ሰነዶች በአንዱ የሌላ ከተማ ስም ሳይጠፋ ቀርቶ አግኝቻለሁ። ስለ ወንዙ፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ ሰዉ የተጻፈው ሁሉ የሌላ አገር ነበር።

ለመሆኑ ይህ ለምን ያስከፋኛል? ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ናት። ጦሳ ግርጌ ያለው መሬት በአብዛኛው ከላይ እየተንከባለለ የተከማቸ አፈርና ድንጋይ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ይንሸራተታል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የሚሠራ መንገድ ሁሉ የተዳፋቱን እግር ይቆርጣል ወይም ጎርፉን ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላው ያዞራል። ይህን አስቀድሞ የሚጠይቅ ሰነድ ከውል በኋላ ሲመጣ ምን መለወጥ ይችላል? ቦታው ተመርጧል፣ ቦዩ ተቆፍሯል፣ ገንዘቡም ተከፋፍሏል።

ሐሳቤ እንዲህ ነው። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ክረምቱም የሚበረታው ያኔ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ዓመት የሚሠሩ ፕሮጀክቶች ሊያርፉባቸው የታሰቡ ቦታዎች በዚህ ክረምት፣ ዝናቡ እየወረደ፣ በእግር ይታዩ። ጥቅምትና ኅዳር ላይ ልየታው ይሠራና የትኛው ሙሉ ጥናት፣ የትኛው ከፊል ጥናት እንደሚፈልግ፣ የትኛውስ እንደማይፈልግ ይለይ፤ ሕዝቡም ይጠየቅ። ጥናቱ እስከ ጥር ይጠናቀቅ። ገምጋሚው መሥሪያ ቤት የሚፈልገው ማሻሻያ መጋቢት ላይ ወደ ዲዛይኑና ወደ ዋጋ ዝርዝሩ ይግባ። ሰኔ ላይ የሚጸድቀው በጀት ያኔ የማቃለያ እርምጃውን (ጉዳቱን የሚቀንሰውን ሥራ) ወጪ ይዞ ይጸድቃል። አዋጁ ለገምጋሚው የሰጠው ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው። በዓመቱ ውስጥ ለዚያ ቦታ አይጠፋም።

ቦታ በጥር ጉብኝት ሲመረጥ ምንጩ ደርቋል፣ ጎርፉ የሄደበት አቧራ ለብሷል፣ ረግረጉም መጫወቻ ሜዳ መስሎ ይታያል። ያንን መሬት ነሐሴ ላይ ያየ ሰው ቤተ መጻሕፍትም ሆነ የገበያ ማዕከል አያቅድበትም።

በእናንተ ከተማ እንዴት ነው የሚሠራው? ተቋራጮች፣ የአካባቢ ባለሙያዎች፣ ከሁሉም በላይ ነዋሪዎች ሐሳባችሁን ጻፉ።


የሰፈሩ እናት (ደሴ)፦

ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ከተዳፋቱ በታች የምኖር የልጆች እናት ነኝ። ከላያችን ያለው ሰፈር ኮብልስቶን ሲነጠፍለት ደስ ብሎን ነበር፤ የዘመዶቻችን ሰፈር ነው። ቦዩ ግን ከእኛ አጥር በላይ ሲደርስ አለቀ። ዝም ብሎ አለቀ። የግንቡ ጫፍ ላይ ሲሚንቶው የተቆረጠበት መስመር ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ ሣር ነው። ክረምቱ ሲገባ ውሃው ከዚያ አፍ እየተወረወረ መጀመሪያ ሣሩን አነሣ፣ ቀጥሎ አፈሩን፣ አሁን ሰው የሚያቆም ገደል ሆኗል። ከውሃው ጋር የሚመጣውን አልነግርህም፤ ፌስታሉ፣ የውሃ ጠርሙሱ፣ የጫት ገረባው፣ የላይኛው ሰፈር ሽንት ቤት ሲሞላ የሚለቀቀውም ጭምር። የጎረቤቴ ማድ ቤት ግድግዳ ከመሬቱ ጋር ተሰንጥቋል።

አመልክተን ነበር። «በፕሮጀክቱ ላይ ማኅበረሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል፣ ቃለ ጉባኤ አለ» ተባልን። ቃለ ጉባኤውን ስናይ የፈረሙት መንገዱ በደጃቸው የሚያልፍላቸው ሰዎች ናቸው። ከእኛ በታች ካለው ሰፈር አንድም ሰው የለበትም። እነሱን አልቀየምም፤ መንገድ ይሠራላችሁ ሲባል እምቢ የሚል ማን አለ? ግን ውሃው የሚመጣበትን ሰው ሳይጠይቁ ውሃ የሚሄድለትን ብቻ መጠየቅ ምን ዓይነት ምክክር ነው? የእኛ ቅሬ (ዕድራችን) በየወሩ ይሰበሰባል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ነው፤ የቀረ ይቀጣል። ሰው ለመጠየቅ የፈለገ ባለሙያ ከዚያ የተሻለ ጉባኤ ከየት ያገኛል?


ሐረጎ መንገድ (ደሴና ኮምቦልቻ፣ የግንባታ ሥራ)፦

የእህታችን ችግር ያሳዝናል፤ አላስተባብልም። ነገር ግን ነገሩን ከተቋራጭ ወገንም እንየው። እኛ የምንሠራው የተሰጠንን ዲዛይን ነው። ቦዩ ከአጥሩ በላይ እንዲያልቅ ሥዕሉ ላይ ከተሳለ እዚያ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ 1 ሜትር እንኳ ብጨምር የሚከፍለኝ የለም።

ሁለተኛ፣ አብዛኛው የከተማ ሥራ ትንንሽ ነው። 300 ሜትር ኮብልስቶን፣ 200 ሜትር ቦይ፣ አንድ የእግረኛ ድልድይ። ለእያንዳንዱ የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ይደረግ ከተባለ የጥናቱ ወጪና የአማካሪው ክፍያ ከሥራው ጋር ሊስተካከል ነው። በዚያ ላይ የግንባታ ወቅታችን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው፤ በልጉ ሲከፋ ደግሞ ከዚያም ይቀነሳል። ሰነድ እየጠበቅን ጥቅምት ካለፈን ሥራው በክረምት ይያዝና ጥራቱ ይበላሻል፤ የዋጋ ንረቱ ደግሞ ተቋራጩን ይጥለዋል። ጦሳ ግርጌ ያቀረብከው የጊዜ ሠሌዳ በወረቀት ላይ ያምራል። ለ300 ሜትር ኮብል ግን ከአቅም በላይ አይሆንም?


ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

ሐረጎ መንገድ፣ ጥያቄህ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ለ300 ሜትር ኮብል ሙሉ ጥናት ማንም አይጠይቅም። መመሪያውም ሥራዎችን የሚከፋፍለው ለዚህ ነው። የእኛ ጉድለት ያለው ሥራዎቹን አንድ በአንድ እየነጠልን ማየታችን ላይ ነው። 300 ሜትሩ ብቻውን ምንም አያደርግም። በአንድ ተዳፋት ላይ በአራት አምስት ዓመት ውስጥ አሥር እንዲህ ያሉ መንገዶች ሲነጠፉ፣ ሣር የነበረው ግቢ ሁሉ ሊሾ ሲሆን፣ ሣር ቤት በቆርቆሮ ሲተካ፣ የሰፈሩ ውሃ ሌላ ውሃ ይሆናል። አሥሩም ሰነዶች ላይ ግን «ጉልህ ተፅዕኖ የለውም» ተብሎ ተጽፏል፤ እያንዳንዱም በየራሱ እውነት ነው።

በቁጥር እንየው። ሁላችንም ከትምህርት ቤት የምናውቀውን የጎርፍ ቀመር ውሰድ፤ የፍሰት ምጣኔ (ከዝናቡ መሬት ሳይጠጣው የሚፈሰው ድርሻ)፣ የዝናብ ኃይልና የመሬቱ ስፋት ተባዝተው ለ360 ሲካፈሉ ፍሰቱ በኪዩቢክ ሜትር በሰከንድ ይገኛል። 10 ሄክታር ተዳፋት አለ እንበል፣ ዝናቡም በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ይውረድ። መሬቱ ሣርና ቁጥቋጦ ሆኖ ምጣኔው 0.3 ከሆነ ከሥሩ የሚወጣው 0.5 ኪዩቢክ ሜትር በሰከንድ ነው። ያው መሬት በጣሪያና በኮብል ተሸፍኖ ምጣኔው 0.75 ሲደርስ 1.25 ይሆናል። ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው፤ ዝናቡ ሳይጨምር። ሌላም አለ። ኮብሉና ቦዩ ውሃውን ስለሚያፈጥኑት ከላይኛው ጫፍ የተነሣውና ከመሐል የተነሣው ጎርፍ በአንድ ጊዜ ታች ይደርሳሉ። እህታችን የነገረችን የቦዩ አፍ ላይ የሚወረወረው ውሃ ይህ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ግምገማው በፕሮጀክት ሳይሆን በተፋሰስ እንዲሆን ነው። ከተማዋ የሦስት ዓመት የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ ታዘጋጃለች አይደል? በዩአይአይዲፒ (የከተሞች የተቋምና የመሠረተ ልማት ፕሮግራም) ጊዜ 117 ከተሞች ይህን ዕቅድ ማዘጋጀት ለምደዋል። በዕቅዱ ያሉት ሥራዎች በካርታ ላይ ይቀመጡ፣ በአንድ ተፋሰስ ውስጥ የሚወድቁት አንድ ላይ ይጠኑ። አንድ ጥናት፣ አንድ የአማካሪ ክፍያ፣ አንድ ይሁንታ፤ ለአሥር መንገድ። ውሃው በመጨረሻ የት እንደሚያርፍ ታውቆ መጀመሪያ የታችኛው ቦይና መውጫው ይሠራል፣ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣል። የእኛ ልማድ ግን ከላይ መጀመር ነው፤ ከአስፋልቱ አጠገብ ያለው ቀድሞ ይነጠፋል፣ ታችኛው «በሚቀጥለው በጀት» ይባላል። ያ በጀት እስኪመጣ ስንት ክረምት ያልፋል?

የጥቅምቱ ጉዳይ ላይ እስማማለሁ። ጥናቱ ከዓመት በፊት ያለቀ ሥራ ግን ጥቅምት ላይ ሰነድ አይጠብቅም፤ አንተንም የሚያቆምህ የለም።


አረንጓዴ ወሎ (የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ)፦

ይህ ውይይት በመከፈቱ ደስ ብሎኛል። በግምገማ ወንበር ላይ ተቀምጬ የማያቸውን ሁለት ነገሮች ልጨምር።

አንደኛው የዋጋ ዝርዝሩ ነው። የአካባቢ አያያዝ ዕቅድ የሚባለው ሰንጠረዥ ሁልጊዜ አለ፤ ያምራልም። «አቧራ ሲነሣ ውሃ ይረጫል፣ ለም አፈሩ ተለይቶ ይቀመጣል፣ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ ተመልሶ ይሞላል፣ የተቆረጠው ዛፍ ይተካል» ይላል። «ኃላፊ» የሚለው ዓምድ ሥር «ተቋራጭ» ተብሎ ይጻፋል። የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነዱን ስትከፍቱት ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። በዚያ ሰነድ መለኪያና ነጠላ ዋጋ የሌለው ሥራ አይሠራም፤ ሐረጎ መንገድም በግልጽ ነገረን። ውሃ መርጨት በቦቴ ይለካ። ጉድጓድ መሙላት በኪዩቢክ ሜትር ይለካ። ችግኝ ደግሞ በተተከለበት ቀን ብቻ አይከፈል፤ ግማሹ ክፍያ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ በጸደቀው ቁጥር ይከፈል። ያኔ ተቋራጩ ራሱ ጠባቂ ይቀጥርለታል።

የድንጋይ ማውጫዎቹን በተለይ አስቡ። የኮብልስቶን ጥናት ስለ መንገዱ ብቻ ያወራል፤ ድንጋዩ የተፈለጠበት ኮረብታ ግን ከከተማው ወሰን ውጭ፣ በገጠር ቀበሌ ነው። ሥራው ሲያልቅ ጉድጓዱ ውሃ ያቁራል። እረኞች የሚዋኙበት እዚያ ነው። የሰመጠ ልጅ ዜና በየክረምቱ እንሰማለን። የፕሮጀክቱ ወሰን ሲበጅ ድንጋዩ የሚመጣበትም፣ የተቆፈረው አፈር የሚደፋበትም መካተት አለበት።

ሁለተኛው ገምጋሚው ማነው የሚለው ነው። የፕሮጀክቱ ባለቤት ከተማ አስተዳደሩ ነው፤ ሰነዱን የሚያየው የአካባቢ ባለሙያም የዚያው አስተዳደር ሠራተኛ ነው። አለቃው ያቀደውን ፕሮጀክት «ይቆይ» ብሎ የሚጽፍ ወጣት ባለሙያ ምን እንደሚገጥመው ሁላችንም እናውቃለን። ትንንሾቹ ሥራዎች በከተማው ይታዩ። የቆሻሻ መጣያ፣ ቄራ፣ በተዳፋት ላይ የሚቆረጥ መንገድ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ግን ከከተማው ውጭ ባለ አካል፣ በክልሉ መሥሪያ ቤት መታየት አለባቸው ባይ ነኝ።

ተዳፋትን በቀላሉ አንየው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል፤ ከሞቱት መካከል የመጀመሪያዎቹን ሊያወጡ የሄዱ ነበሩበት። የደሴ ተዳፋት ከጎፋው ጋር አንድ ነው እያልሁ አይደለም። ውሃ የጠጣ አፈር በቁልቁለት ላይ ምን እንደሚያደርግ ግን ከዚያ በላይ ማስረጃ አንፈልግም። እዚህ ላይ ጥናቱ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ከተዳፋቱ ራስ ላይ ጎርፉን የሚቀለብስ ቦይ አለ ወይ? ቦዩ ታችና ጎኑ ተለስኗል ወይስ ውሃውን ለተዳፋቱ ያጠጣዋል? የመጠጥ ውሃ ቧንቧው የሚያፈስበት ቦታ ታይቷል? የድጋፍ ግንቡ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው? ግንብ የሚወድቀው በአብዛኛው ከኋላው የታሰረ ውሃ ገፍቶት ነው።


ወርቃ ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

እናንተ ስለ ደሴ ታወራላችሁ፤ የደሴ ውሃ የሚመጣው ግን ወደ እኛ ነው። የቦርከና ወንዝ ከእናንተ ተነሥቶ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ በማይሞላ መንገድ ወደ 600 ሜትር ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። ከእኛ ደግሞ የፋብሪካውን ፍሳሽ ጨምሮ ወደ ከሚሴና ወደ ጨፋ ረግረግ ይሄዳል፤ እዚያ በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ያሰማራሉ። መጨረሻው አዋሽ ነው። በወንዙ ዳር ገበሬው በሞተር ውሃ እየሳበ ሰላጣና ቲማቲም ያለማል፤ ያ አትክልት ተመልሶ ደሴ ገበያ ይወጣል።

ስለዚህ ደሴ አዲስ ቄራ ወይም የፍሳሽ ማስወገጃ ስታቅድ «ተፅዕኖ የሚደርስበት አካባቢ» የሚለው ክበብ የከተማዋ ወሰን ላይ ሊያልቅ አይገባውም። የአንድ በሬ ደም ወንዝ ሲገባ ምን ያህል ኦክስጅን ከውሃው እንደሚጠጣ የጤና ባለሙያ ጠይቁ። የእኛ ሰው የደሴን ጥናት አይቶት አያውቅም፤ የከሚሴም ሰው የእኛን አላየም። ሦስቱ ከተሞች ስለ አንድ ወንዝ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡበት ጊዜ መቼ ነው?

ስለ ቆሻሻ መጣያም አንድ ነገር ልበል። በ1999 የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 አዲስ የማስወገጃ ቦታ ሲሠራም ሆነ ነባሩ ሲሻሻል የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግበት የከተማ አስተዳደሮችን ያስገድድ ነበር። በኮምቦልቻ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ፤ አውሮፕላን ማረፊያችን። ክፍት ቆሻሻ አሞራና ጥንብ አንሣ ይሰበስባል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መጣያ ከአውሮፕላን ማረፊያ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ የሚመክረውም ወፍ ሞተር ውስጥ ስለሚገባ ነው። በካርታ ላይ ኮምፓስ ተክላችሁ ያንን ክበብ ብትሥሉ ሁለቱም ከተሞች ለመጣያ የሚመርጡት ቦታ ምን ያህል እንደሚጠብ ታያላችሁ። ይህ በመጀመሪያው ቀን መታወቅ ያለበት ነገር ነው፤ መሬቱ ከገበሬ ተወስዶ ካሣ ከተከፈለ በኋላ የሚደረስበት መሆን የለበትም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 አዲስ አበባ ቆሼ ሲናድ ከ110 ሰው በላይ ሞቷል። መጣያም ይናዳል።


ሐይቅ ዳር (ሐይቅ ከተማ)፦

ከእኛም ቃል ይግባ። የሐይቃችን ውሃ ወደ ውጭ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። ከአርዲቦ ሐይቅ በአንኳርካ ወንዝ በኩል ይገባል፣ ከዙሪያው ተራራ ይገባል፣ ከዚያ ቁጭ ይላል። ከተማችን መንገድ፣ የገበያ ሥፍራ፣ ሎጅ በጨመረች ቁጥር የሚታጠበው ደለልና ፍሳሽ ሁሉ እዚያው ይቀራል። ለወንዝ ዳር ከተማ የሚሠራ የማቃለያ እርምጃ ለእኛ አይሠራም። እኛ ከቦዩ መጨረሻ ደለል ማስቀመጫ ጉድጓድና በሐይቁ ዙሪያ የማይነካ የቄጠማ ዳርቻ እንፈልጋለን። ይህንንም የሚያዝ ሰነድ ከቅድመ ዲዛይን በፊት እንዲመጣ እንፈልጋለን።


የገራዶ ልጅ፦

ሁላችሁም እውነት ብላችኋል፤ ግን አንድ ነገር ዘነጋችሁ። እኛ ሰፈር ምጥ የያዛት ሴት ዛሬም በቃሬዛ ነው ወደ ዋናው መንገድ የምትወጣው። ለዓመታት መንገድ ስንጠይቅ ኖረን አሁን ተራችን ሲደርስ «ጥናት ይቅደም፣ ክረምት ይታይ» ሲባል የምንሰማው «ይቅርባችሁ» ሲባል ነው። በጀት የዘንድሮ ነው፤ ካልዋለ ይመለሳል። ለድሃ ሰፈር ጥናት ማብዛት ከልማት ማስቀረት እንዳይሆን እሰጋለሁ። ይህን በቅንነት ነው የምጽፈው።


ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

የገራዶ ልጅ፣ ስጋትህ ይገባኛል፤ መንገዱ ይሠራ የሚለው ላይ ከአንተ ጋር ነኝ።

ግምገማ ሲባል «ይሠራ ወይስ አይሠራ» ብቻ አድርገን ማሰባችን ጎድቶናል። ትልቁ ጥቅሙ አማራጭ ላይ ነው። መንገዱ በዚህ ጠርዝ ይሂድ ወይስ በዚያ? ተዳፋቱን በአንድ ረጅም ቁርጥ ይውጣ ወይስ በሁለት እጥፋት? ኮብል ይሁን ወይስ ጠጠር ሆኖ ውሃ መሻገሪያዎቹ በኮንክሪት ይጠንክሩ? እንዲህ ዓይነቱ ምርጫ እርሳስ በእጅ እያለ ወጪ የለውም። ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ ግን የልዩነት ሥራ (ከውሉ ውጭ የሚመጣ ለውጥ) ይባላል፤ ያም ከሌላ ሰፈር በጀት ይቆረጣል። ያለ ጥናት የተሠራ መንገድ በሁለተኛው ክረምት ሲቆረጥ እኮ ምጥ የያዛት ሴት እንደገና ቃሬዛ ላይ ናት፤ ተራችሁም አልፏል።

ለዘንድሮው በጀትህ ደግሞ መፍትሔ አለ። ዘንድሮ የሚሠራው ሥራ በተሟላ ልየታና በመውጫው ላይ በተደረገ ፍተሻ ይጀመር። የተፋሰሱ ጥናት ለሚቀጥለው ዓመት ሥራዎች ጎን ለጎን ይሂድ። ሽግግሩ የአንድ ዓመት ጉዳይ ነው፤ ማንም ተራውን አያጣም።


የቧንቧ ውሃ ሽማግሌ፦

ልጆቼ፣ ተባረኩ። የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

ይህን አገር የምናውቀው የቅየሳ መሣሪያ ይዘን አይደለም፤ ኖረንበት ነው። የትኛው መሬት በነሐሴ እንደሚያለቅስ፣ የትኛው ምንጭ በበልግ ብቻ እንደሚፈልቅ፣ የቱ ዳገት በአባቶቻችን ዘመን አንድ ጊዜ ወርዶ እንደነበር እናውቃለን። በአንድ ሰፈር ሕንፃ ሊሠሩ መሠረት ሲቆፍሩ «ከሥሩ ምንጭ አለ» አልናቸው። በጋ ነበርና የሰማን የለም። ክረምት ሲገባ ጉድጓዱ ሞልቶ ፓምፕ አመጡ። ፓምፑ ውሃውን ወደ ጎረቤት ግቢ ገፋው።

እኛ የምንለው ትንሽ ነው። ባለሙያዎቹ ሲመጡ በመኪና መስኮት አይተው አይሂዱ። አባጋሮቹን (የአገር ሽማግሌዎቹን)፣ የቅሬ ዳኞቹን፣ ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ይዘው በእግር ይዙሩ። ውሃ የሚቀዳ ሰው መሬቱን ከሁሉም በላይ ያውቀዋል። የሰማችሁትንም ጻፉልን፤ ስማችን ይኑርበት። የተናገርነው ተጽፎ ካልቀረ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ልጅ መጥቶ እንደገና ይጠይቀናል።


የወልድያ ልጅ፦

አባታችን ያሉት የመጻፍ ነገር እኛን ይመለከታል። በ2014 ጦርነት ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሲዘረፉ ካርታውም፣ የጉድጓድ ውሃ መዝገቡም፣ የድሮ ዲዛይኑም አብሮ ጠፍቷል። አሁን መነሻ መረጃ ሲባል ከባዶ ነው የምንጀምረው። ስለዚህ በክረምት የሚደረገው የእግር ዳሰሳ በስልክ ፎቶና በጂፒኤስ ነጥብ ተደግፎ በከተማውም፣ በዞኑም፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችንም ቅጂው ይቀመጥ። ወሎና ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ይፈልጋሉ፤ የአንድ ተፋሰስ መነሻ መረጃ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አለው?


የሰፈሩ እናት (ደሴ)፦

አባታችን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። አረንጓዴ ወሎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሰሞኑን ከእኛ በላይ ሁለተኛ ዙር ኮብል ሊነጠፍ ነው እየተባለ ነው። ውል ሳይፈረም የእኛን ቃል ለማስገባት ወዴት እንሂድ? ምንስ ይዘን?


አረንጓዴ ወሎ (የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ)፦

እህቴ፣ መብቱ አላችሁ። የ1995ቱ አዋጅ አንቀጽ 15 የጥናት ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይም ተፅዕኖው የሚደርስባቸው ሰዎች ያሉት ነገር በሰነዱና በውሳኔው ውስጥ እንዲገባ ያዛል። በደላችሁን ሲሰሙ «ተፅዕኖው የሚደርስብን እኛ ነን» በሉ፤ የሕጉም ቃል ይኸው ነው።

በቅሬያችሁ ስብሰባ ላይ ጉዳዩን አንሡና ቃለ ጉባኤ ያዙ፤ የተገኙት ሁሉ ይፈርሙ። የቦዩን አፍ፣ ገደሉን፣ የተሰነጠቀውን ግድግዳ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑን ከጀርባው ጻፉበት። ማመልከቻው አጭር ይሁን። ሦስት ነገር ብቻ ጠይቁ፦ የሁለተኛው ዙር የልየታ ሰነድ ይታየን፣ የቦዩ መውጫ የት እንደሚያርፍ በሥዕል ይታየን፣ የመውጫው ሥራ በዋጋ ዝርዝሩ ውስጥ ይግባ። አንዱን ቅጂ ለማዘጋጃ ቤቱ፣ አንዱን ለከተማው የአካባቢ ጥበቃ ክፍል፣ አንዱን ለዞኑ ስጡ። በእናንተ እጅ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ማኅተም ሳታስደርጉ ከመዝገብ ቤት አትውጡ።

ይሁንታው እናንተ ሳትሰሙ ከተሰጠ ለአካባቢ መሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ቅሬታ ማቅረብ ትችላላችሁ፤ አዋጁ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ማመልከቻውን ስትጽፉ እዚህ ለጥፉት፤ ጦሳ ግርጌ የቴክኒኩን ክፍል ያይላችኋል፣ እኔ የሕጉን አያለሁ።


ጦሳ ግርጌ (ደሴ)፦

አያለሁ። የቦዩ አፍ ያለበትን ቦታ በስልክ ካርታ ላይ ነጥብ አድርጋችሁ ላኩልኝ። ከላይ የሚመጣውን ውሃ አስልቼ፣ ምን ዓይነት መውጫና ስንት ደረጃ ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) እንደሚያስፈልግ ከግምት ዋጋው ጋር አዘጋጅላችኋለሁ። ከማመልከቻችሁ ጋር አያይዙት።